ከአሥራ ስምንት ሜትር በላይ

የሜትሮውን ጫፍ የያዘችው ራሷ እቴቴ ነበረች። ትራፊኩ ብቻውን ነበር፤ ነፋሱም ረጅሙን የጨርቅ ሜትሮ እያውለበለበ ስላስቸገረው፣ «እናቴ፣ እስቲ ይቺን ከኋላ መብራቱ ላይ ያዙልኝ» አላት። እሷም እንደ ደህና ረዳት ጎንበስ ብላ ያዘችለት። በኋላ ነገሩን ስታስበው፣ የገዛ ቤቷን ሊያፈርስ ለመጣ ሰው ዶማ ያቀበለች ያህል ቆጠረችው።

ትራፊኩ ሜትሮውን እየዘረጋ በተሳቢው ጎን አለፈ፤ በመጎተቻው ብረት በኩል ተሻገረ፤ ከዚያም የአዲሱን የጭነት መኪና ረጅም አፍንጫ እስኪጨርስ ሄደ። አነበበ። ሰው እንዳይበድል የሚጠነቀቅ ዓይነት ስለነበር መልሶ ለካና ደግሞ አነበበ።

«አሥራ ዘጠኝ ሜትር ከሰባ» አለ። «ሕጉ አሥራ ስምንት ነው።»

የእቴቴ ልጅ ከጋቢናው ወርዶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። «ውስጥ ያለችው መኪና እኮ ትንሽዬ ናት! የውድድር መኪና ናት። ከፈለጉ ከፍተው ይዩ፤ ከአልጋ ብዙም አትበልጥ።»

«የጫንከውን አይደለም የምለካው፣ ወንድሜ። ከጎታቹ አፍንጫ እስከ ተሳቢው ጭራ ነው። የውድድር መኪና ጫንክ፣ ድንች ጫንክ፣ ለሕጉ አንድ ነው።»

ክፉ ሰው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ሕጉም ክፉ አልነበረም። ከፊት ያለው መታጠፊያ ላይ አንድ ረጅም ተሳቢ ጭራው ተወርውሮ ሞተር ሳይክል ከነነጂው ገደል እንደከተተ ትራፊኩ ነገራቸው፤ ሲነግራቸውም ድምፁ ዝቅ አለ። ከዚያ ዛሬን በማስጠንቀቂያ ብቻ እንደሚመልሳቸው፣ ሁለተኛ እንዲህ ሆነው ቢመጡ ግን ተሳቢውን እዚያው እንደሚያስቀረው አስረድቶ ሜትሮውን መጠቅለል ጀመረ። እቴቴ ጫፉን ለቀቀችው።

ልጇ መኪናውን እያዞረ «አንድ ሜትር ከሰባ» አለ፤ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። በዚያ ተሳቢ ላይ አንድ ሜትር ከሰባ ተፈልጎ የሚገኝበት ቦታ አንድ ብቻ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። እሷ የምታውቀውና እሱ የማያውቀው ሌላ ነገር ደግሞ ነበር። ቢያንስ እሷ እንደዚያ ነበር የምታምነው።

እቴቴ የሚለውን ስም ያወጣላት የውድድሩ ሰው ነው። በየውድድር ሜዳው ፕላስተር የፈለገም፣ መርፌና ክር የፈለገም፣ ተሸንፎ ማልቀሻ ጥግ የፈለገም «እቴቴ ጋ ሂድ» ይባላል። ባሏ መካኒክ ነበር፤ ልጇ ነጂ ነው። ባሏን ሁሉም ቀውላላው ይሉት ነበር፤ ሞተር ላይ ሲያጎነብስ ሁለት ቦታ የሚታጠፍ ነበር የሚመስለው።

ተሳቢውን የሠራው በያጁ ነው፤ የቀውላላው የልጅነት ጓደኛ። በያጁ ንድፍ የሚባል ነገር አያምንም፤ «ወረቀት ብረት አይሸከምም» ይላል። የሚለካው ዕቃውን በራሱ በዕቃው ነው። ለውድድር መኪናዋ ቦታ ሲሠራ መኪናዋን አስመጥቶ የተሳቢው አጥንት የሚሆነው ቱቦላሬ ላይ አቆመና ከፊቷና ከኋላዋ በጠመኔ አሰመረ። ለመሣሪያ ሳጥኑም ሳጥኑን አምጥቶ አሰመረ። ከተሳቢው ፊት የምትሆነው የመኝታ ክፍል ተራ ሲደርስ ቀውላላውን «በል ተጋደም» አለው። ቀውላላው ወርክሾፑ ወለል ላይ፣ የብረት ብናኝ መሃል፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ተዘረረ። በያጁ ከፀጉሩ በላይ አንድ መስመር፣ ከተረከዙ በታች አንድ መስመር አሰመረና ለትራስ ብሎ አንድ ስንዝር ጨመረ።

«ተነስ አንተ ሰውዬ! ተኝቶ የሚለካ ሬሳ ነው!» ብላ ጮኸች እቴቴ ያን ቀን።

«አታስቂኝ፤ ከሳቅኩ አጥራለሁ» አላት እንደተዘረረ።

አልጋውን በወርድ ቢያደርጉት ክፍሏ ታጥር ነበር። እሱ ግን «ፍሬን በተያዘ ቁጥር እንደ በርሜል መንከባለል አልፈልግም» ብሎ ራስጌውን ወደ ፊተኛው ግድግዳ፣ ግርጌውን ወደ ኋላ አስደረገ። ሰው ተሳቢ ውስጥ ተኝቶ መሄዱ ራሱ ክልክል ነው፤ ግን ከውድድር ሲመለስ ጉልበቱ ያለቀ ሰው ሕግ አይጠቅስም። እንዲህ ሆኖ ለመኪናዋም፣ ለሳጥኑም፣ ለሰውዬውም ልክ የሆነ ተሳቢ ወጣ። ድምሩ ስንት መጣ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ያኔ የሚጎትተው መኪና አፍንጫው ድፍጥጥ ያለ፣ አጭር አሮጌ ነበርና ነገሩ ሳይታወቅ አለፈ።

ያቺ ክፍል ለእቴቴ ከቤቷ የበለጠች ቤት ነበረች። አንድ አልጋ፣ አንድ የጋዝ ምድጃ፣ ሁለት መስቀያ፣ መሀረብ የምታክል መስኮት። ልጇ ኩፍኝ የወጣለት እዚያ ነው። ፊደል የቆጠረውም እዚያ ነው፤ ከፊደል በፊት ግን ሌላ ቋንቋ ተምሯል። ቀውላላው ሞተር በሚያጓራበት ቦታ አፉን አያደክምም። የመኪናዋን ጣሪያ በመዳፉ አንዴ መታ ካደረገ፣ ሂድ ነው። ደጋግሞ ከመታ፣ ቁም ነው። ልጁ ይህን ከአባቱ ጋር ሲያወራ ነው ያደገው።

ቀውላላው የሞተ ቀን ከውድድር እየተመለሱ ነበር። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሲነሱ ደረቱን እያሸ «ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ» አለና ክፍሏ ገባ። እቴቴ ከልጇ ጋር ጋቢና ተቀመጠች። ልጇ ያን ቀን ከወትሮው በተሻለ ነድቶ ስለነበር ደስ ብሏቸዋል፤ ሬዲዮው ይዘፍናል፤ እሷም በጣቶቿ ጉልበቷን እየመታች ታጅባለች። ኮረኮንቹ ላይ ሲደርሱ ከኋላ የታፈነ ድምፅ መጣ። ድም፣ ድም፣ ድም።

ልጇ ሬዲዮውን ቀነሰ። «ምንድነው?»

«ክሪኩ ነው፣ ንዳ» አለች እቴቴ። «መቼም አንድ ቀን እንኳ በደንብ አስራችሁት አታውቁም።»

ነዳ። ድምፁ ትንሽ ቆይቶ ተወ። ቤት ደርሰው «ተነስ እንጂ፣ መሸ እኮ» እያለች በሩን ስትከፍት፣ ቀውላላው በጀርባው ተጋድሞ፣ በያጁ በለካው ልክ ተዘርግቶ አገኘችው።

ሐኪሙ «ልቡ ነው፤ ብትደርሱለትም ምናልባት አይተርፍም ነበር» አላት። ሊያጽናናት ነው እንዲህ ያለው፤ እቴቴ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዛ የቀረችው «ምናልባት» የምትለዋን ነው። ቀን ቀን ሥራ ያስረሳታል። ትራስ ላይ ራሷን ስታሳርፍ ትመጣለች።

ሐዘንተኛው ሁሉ ከተበተነ በኋላ አንሶላውን ልትቀይር ክፍሏ ገባች። ብርድ ልብሱን ስትገልጠው መፍቻ ወደቀ። ቀና ስትል ከራስጌው በላይ፣ ነጭ ቀለም የተቀባው ላሜራ ላይ፣ ጥፍር ጥፍር የሚያክሉ ጉድጓዶች አየች። የመጀመሪያዎቹ ጠለቅ ያሉ ናቸው፤ ቀለሙ ተፈንቅሎ ብረቱ ይታያል። ቀጥለው ያሉት እየሳሱ፣ እየሳሱ ሄደው የመጨረሻው ጭረት ብቻ ነበር። እቴቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ማልቀስ እንኳ አልመጣላትም። ክሪኩ ነው፣ ንዳ። የገዛ ድምፅዋ ነው ጆሮዋ ውስጥ የጮኸው።

ከዚያ ወዲያው ያሰበችው ስለ ልጇ ነው። መሪውን የያዘው እሱ ነበር። ይህን ቢያይ ዕድሜ ልኩን መሪ በጨበጠ ቁጥር ድም፣ ድም ይለዋል። የእሷ ቃል የእሷ ነው፤ ትሸከመዋለች። እሱ ግን ገና ብዙ የሚነዳው መንገድ አለው። ሆድ ይፍጀው አለችና አንድ የጎማ ነጋዴ የሰጣቸውን ካላንደር አምጥታ ጉድጓዶቹ ላይ ሰቀለችው። ሥዕሉ ጎማ ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም። ዓመቱ አልቆ አዲስ ዓመት ሲገባ ልጇ «እማዬ፣ ይሄ ካላንደር እኮ ጊዜው አልፏል» አላት።

«ጎማው ደስ ይለኛል» አለችው።

ልጇ ጎማውን አየት፣ እሷን አየት አደረገና ወጣ። ካላንደሩም ባለበት ቀረ።

አዲሱ መኪና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጇ አንድ ቀን አሮጌውን ይዞ ወጣና ደብል ጋቢና፣ አፍንጫው የማያልቅ የጭነት መኪና ይዞ ገባ። እቴቴ ጉራ ነው አለች። የአባቱን መኪና ለዕቃ ፈቺ ሰጥቶ ይህን የሚያህል አፍንጫ! በልቧ ቂም ብጤ ያዘችበት። እሱም ብዙ አላስረዳትም፤ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ያለችውን ጠባብ መኝታ አሳይቷት «እዚህ ትተኛለሽ» ብቻ አላት። እሷ አልተኛችባትም።

እና እነሆ፣ በሁለተኛ ጉዞው ላይ በሜትሮ ተለክቶ ተመለሰ። ግቢው ውስጥ ተሳቢውን አቁመው ሲወርዱ እቴቴ አላስቻላትም።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። ማን ግዛ አለህ ይሄን ረዥም?»

ልጇ የመሣሪያ ሳጥኑን ዘጋ፤ ከፈተ፤ መልሶ ዘጋ። «እንተወው እማዬ» አለ በመጨረሻ። «የቀረውን ውድድር አልሄድም። ክፍሏን አንነካትም።»

የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ነበር የቀረው። ውስጥ ያለችው መኪና ሞተሯን ያሰረው ቀውላላው ነው፤ በእጁ ገጥሞ የጨረሰው የመጨረሻ ሞተር። ነጂዎች ሞተር እንደሚደክም ያውቃሉ፤ ይሄኛውም ከዚህ ውድድር በኋላ ይፈታል። ልጇ ዓመቱን በአባቱ ሞተር ልጨርስ ብሎ ለራሱ ቃል እንደገባ እቴቴ ከሌላ ሰው ሰምታለች። አሁን እሱ ለእሷ ሲል ያንን እየተወ ነው። ክፍሏን የሙጥኝ ያለችው በትዝታ መስሎታል። እንዴት ብላ ትንገረው? ክፍሏ ብትሄድ ይቆጫታል፣ ታለቅሳለች፣ ያልፍላታል። የፈራችው ግድግዳው ሲፈታ ነው። ብየዳ ሲኖር ብረቱን የሚይዘው ሁልጊዜ ልጇ ነው።

ጥቂት ቀን ተኳርፈው ከረሙ። ከዚያ አንድ ጠዋት ልብስ እያሰጣች «ይቆረጥ» አለችው።

«እማዬ...»

«ይቆረጥ አልኩህ። አባትህ ቢኖር እስካሁን ራሱ ቆርጦት ነበር።»

በያጁ ጋ ሲደርሱ ልጇ ተሳቢውን ወርክሾፑ ውስጥ አስገብቶ ፈታውና የውድድር መኪናዋን አወረደ። «ስሜን አስመዝግቤ መጣሁ። ጋሼ፣ ሳልመጣ እንዳይጀምሩ፤ ብረቱን የምይዘው እኔ ነኝ» ብሎ በረጅሙ መኪና ወጣ። እቴቴ የሞተሩ ድምፅ እስኪርቅ ጠበቀች። ምድጃዋን፣ አንሶላዋን፣ የመርፌ ቆርቆሮዋን አንድ በአንድ እያወጣች ግቢው ውስጥ ባለ አሮጌ ጎማ ላይ ደረደረች። በያጁ መነጽሩን በሸሚዙ እየወለወለ ክፍሏን ከውጭ ይዞራታል።

«ሁለት ሜትር ትሆናለች» አለ። «አንድ ሜትር ከሰባዋን ስንወስድ የምትተርፈው ለመጥረጊያ ማስቀመጫ ትሆንሻለች። መጎተቻውን ወደ ኋላ አምጥቼ እበይደዋለሁ። አየሽ እህቴ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ያኔ ድምሩን ብንደምር ኖሮ...»

«አሁን እሱን ተወውና ና ግባ። እሱ ሳይመጣ አንድ ነገር ሥራልኝ።»

አስገባችውና ካላንደሩን አነሳችው።

በያጅ ብረት ያነባል። በያጁ ምን እንዳየ ለማወቅ አንድ አፍታ በቃው። ጣቱን ጠለቅ ካለው ጉድጓድ አስነስቶ እስከ ጭረቷ ወሰደ፤ እዚያ ሲደርስ እጁን ሰበሰበ።

«በመፍቻ ነው» አለ።

«አዎ።»

«ተኝቶ ነው የመታው።»

«አዎ።»

አልጋው ላይ ተቀመጠ። አልጋው ራቁቱን ነበርና ጣውላው ሲጥ አለ። «ይሄን ግድግዳ ድርብ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለ። «ብርድ እንዳይገባበት ብዬ መሃሉን ስፖንጅ ጎሰጎስኩበት። ባይኖርበት ኳ ኳ ይል ነበር። ሰው መሆኑ ይታወቅ ነበር።»

«አንተም ድርሻህን ልትወስድ?» አለችው እቴቴ። ልትቀልድ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ተሰበረባት። «ተራህን ጠብቅ። ለዚህ ሞት ባለቤቱ በዝቷል። ይልቅ ይህን ላሜራ ፍታና አቃናልኝ። አንዲት ምልክት እንዳትቀር።»

«ቆርጬ ልጣለዋ!»

«ይጠይቃል። ላሜራ አይጥልም እሱ፤ ለሌላ ይሆናል ብሎ ያስቀምጣል። አባቱ ነው ያስለመደው።»

በያጁ በግራይንደር የላሜራውን ዙሪያ በልቶ አወረደውና በደረቱ ደግፎ ወደ ሥራ ጠረጴዛው ወሰደው። ገልብጦ ከበስተጀርባው መምታት ጀመረ። ኳ። ኳ። ኳ። ስፖንጅ የሌለበት ብረት ጥርት አድርጎ ይጮኻል። እቴቴ በሩ ጋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ በሁለት እጆቿ ጆሮዋን ያዘች። መዳፏ ግን ምንም አልከለለላትም። ያን ቀን ልትሰማው የሚገባትን ድምፅ አሁን አንድ በአንድ ቆጥራ የምትቀበል መሰላት፤ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

በዚያ ጩኸት መሃል ልጇ መኪናውን ውጭ አቁሞ መግባቱን ሁለቱም አልሰሙም። እቴቴ ቀና ስትል አጠገቧ ቆሟል። ፊቷን አየ። ባዶውን ግድግዳ አየ። ተሻግሮ ሄደና መዶሻ የያዘውን የበያጁን ክንድ ቀስ ብሎ ያዘው።

«ይተዉት ጋሼ።»

«ጎድጉዶ ነው» አለች እቴቴ ከኋላው እየተጣደፈች። «ሳጥኑ ነው መሰለኝ መትቶት...»

«እማዬ።»

«... ኮረኮንቹ ላይ ይሆናል...»

«እማዬ፣ ካላንደሩን ገልጬ አይቼዋለሁ። ያኔ ነው ያየሁት፤ ገና አንቺ እንደሰቀልሽው። ጊዜው አልፏል ያልኩሽ እንድታወርጂውና እንድንነጋገር ብዬ ነበር። አንቺ ጎማው ደስ ይለኛል አልሽኝ። ምን ልበል?»

እቴቴ የምትደገፈው ነገር ፈለገች፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ አገኘች። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ይህን ሁሉ ጊዜ?»

«ክሪኩ ነው ያልሽው አንቺ ነበርሽ። እንዳታስታውሺው ብዬ ነው። ረስተሽው ከሆነ እንደረሳሽው እንድትቀሪ።»

«እኔማ አልረሳሁም። አንድ ቀንም አልረሳሁም።»

ልጇ ላሜራውን በጣቱ ዳሰሰው። በያጁ ከጠለቁት ጀምሮ ነበርና ሲያቃና የቆየው፣ ትልልቆቹ ጠፍተዋል፤ የቀሩት የደከሙት ናቸው።

«ክሪኩ አልነበረም እኮ» አለ። «ክሪኩን ያን ቀን ጠዋት ያሰርኩት ራሴ ነኝ። በሁለት ገመድ። አስሬዋለሁ ልልሽ አፌን ከፍቼ ነበር። ደጋግሞ ከመታ ቁም ማለት እንደሆነ ደግሞ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ግን ሬዲዮው ላይ ጥሩ ዘፈን ነበር፤ አንቺም ደስ ብሎሽ ነበር። ተውኩት። ቤት ስንደርስ አየዋለሁ አልኩ።»

በያጁ መዶሻውን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ።

«ይሄን ረዥም መኪና ለምን የገዛሁ ይመስልሻል?» አለ ልጇ። አሁን እያለቀሰ ነበር፤ እንደ ትልቅ ሰው ሳይሆን፣ ኩፍኝ እንደወጣለት ጊዜ። «ከኋላዬ የተኛ ሰው ትንፋሹ እንዲሰማኝ ብዬ ነው። ሁለተኛ በእኔና በተኛ ሰው መሃል ግድግዳ እንዳይኖር።»

እቴቴ ጉራ ነው ብላ የያዘችው ቂም አሁን አሳፈራት። ይህን ልጅ ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ጣሪያ ሥር እያደረ ብቻውን ትታዋለች፤ እሱም እሷን ብቻዋን ትቷታል፤ ሁለቱም በመተዛዘን። «ና ወዲህ» አለችው። አንገቱ ሥር ገብታ ያዘችው፤ እሱ በአባቱ ወጥቷልና ጎንበስ ብሎ ነው የተያዘላት። «የእኔ ነው» ትላለች። «አይደለም፣ የእኔ ነው» ይላል። ሁለቱም አልተስማሙም።

ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ተቆረጠች። ብረቱን የያዘው ልጇ ነው። ግራይንደሩ የመጨረሻውን ቱቦላሬ ሲበጥሰው ክፍሏ ድክም ብላ ወደ ፊት ተኛች፤ እቴቴም ካሰበችው በላይ ጮኻ አለቀሰች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም። በያጁ ለተሳቢው አዲስ ፊት ሲያበጅ የድሮውን ላሜራ አንስቶ ዓይኗን አየ። የቀሩትን አታቃናቸው አለችው። እንዳሉ በየዳቸው።

ወደ ውድድሩ ሲሄዱ ያው ትራፊክ አስቆማቸው። እቴቴ ሳይጠይቃት ወርዳ የሜትሮውን ጫፍ ኋላ መብራቱ ላይ ያዘችለት። ሄደ፤ አነበበ፤ ተመልሶ አነበበ።

«አሥራ ስምንት ልክ! ጎበዞች ናችሁ። ምኑን ቆረጣችሁት እናቴ?»

«አንድ ቀውላላ ሰው» አለችው።

ትራፊኩ ከልቡ ሳቀ። እሷም ትንሽ ሳቀች፤ እየሳቀች ሜትሮውን ለቀቀችለት።

ልጇ ከኋላው ያለችውን ጠባብ መኝታ አንጥፎላት ነበርና የዚያን ቀን ገብታ ተጋደመች። ለእሷ ልክ ናት። ለቀውላላው ግን ከጉልበቱ በታች ውጭ በቀረ ነበር። የልጇን ማጅራት፣ መሪ ላይ ያለውን እጁን ታያለች። ሬዲዮው ዝም ብሏል፤ ቀውላላው ከሞተ ወዲህ ሬዲዮ ከፍተው አያውቁም። ኮረኮንቹ ላይ ሲደርሱ መኪናው ነጠር ሲያደርጋት ክርኗ የጋቢናውን ግድግዳ መታው። ድም፣ ድም።

መኪናው ወዲያው ወደ ዳር ወጥቶ ቆመ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?» ልጇ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞሯል።

«ምንም አልሆንኩም። ክርኔ ነው፣ ንዳ።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ልጇ አልነዳም። ሞተሩን አጠፋ፤ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተና እጁን ደረቷ ላይ አድርጎ ልቧ ሲመታ አዳመጠ። ከዚያ መውጫው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከኋላቸው የመጡ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ አለፏቸው፤ ተሳቢ የሚጎትቱ ሌሎች ተወዳዳሪዎችም አለፉ። ውድድሩ እንደሚረፍድባቸው ሁለቱም ያውቃሉ። እቴቴ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ፣ ራሱ ተነስቶ መሪውን እስኪይዝ ድረስ ጠበቀችው።